ከሰላምታው በታች የቀረ መልእክት

ነገሩ የሆነው ዝናቡ ወቅት እየዘለለ ቀርቶ የነገሌ ገበያ በከሱ ከብቶች በተሞላበት ጊዜ ነው። ዓመታት አልፈዋል። ሆኖም ሰው «ሰላም ነው» ባለኝ ቁጥር ይመጣብኛል። ከባለቤቴ በቀር ለማንም በቅጡ አልነገርኩትም።

እኔ የሆሳዕና ልጅ ነኝ። ባለቤቴ ለጤና ሥራ ወደ ነገሌ ሲመደብ ለጥቂት ጊዜ ብለን ነበር የመጣነው፤ ይኸው ልጆቻችን ኦሮምኛውን እንደ አገሬው ያስነኩታል። መናኸሪያው አጠገብ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ጽሑፍ እተይባለሁ፣ ፎቶ ኮፒ አደርጋለሁ። በኋላ ደግሞ ለትንንሽ ማኅበራት ድረ ገጽ መሥራት ጀመርኩ። ደንበኞቼ አቅም የላቸውም። ሠርቼ ካስረከብኳቸው በኋላ በገዛ እጃቸው መጻፍ ካልቻሉ፣ ገጹ ባለቤቱ እንደሄደበት ሱቅ ተዘግቶ ይቀራል።

ኦቦ ዋሪዮ በሊበን ወረዳ የአንድ ቀበሌ የከብት አርቢዎች ማኅበር ሰብሳቢ ናቸው። የቀበሌው ልጆች አዲስ አበባ፣ አዋሳ፣ ናይሮቢ ተበትነው ይሠራሉ። ችግር ሲመጣ ያዋጣሉ። ግን ሁሉም ቤተሰብ ለየብቻው እየደወለ «ለእነ እገሌ ተልኮ ለእኛ ቀረ» የሚል ቅሬታ በዛ። ስለዚህ «ከእንግዲህ የግል ስልክ የለም፤ ሽማግሌዎቹ ሁላችን በምናየው ገጽ ላይ ከጻፉ እንደርሳለን» ተባባሉ። ኦቦ ዋሪዮም ቃል ሰጡ። የእሳቸው ቃል ደግሞ ቃል ነው።

የሚጽፉበትን ፕሮግራም መምረጥ የእኔ ፋንታ ሆነ። ጸልዬበት ነው የጀመርኩት፤ ሰው ይስቅ ይሆናል፣ እኔ ግን በትንሹም በትልቁም እጸልያለሁ። አንዱ ፕሮግራም ውብ ነበር፤ ግን በየወሩ በዶላር ካርድ ይከፈልበታል። ሌላው ነጻ ነው፤ ግን የቁማር ማስታወቂያ እላዩ ላይ ይለጥፋል። የሽማግሌዎች ገጽ ላይ ቁማር ማየት አልፈለግሁም። ሦስተኛው ሁሉን ይችላል፤ የቁልፎቹ ብዛት ግን ያደናግራል። ኦቦ ዋሪዮ መነጽራቸውን አስተካክለው ሲያዩት ቆዩና፣

«ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣» አሉኝ፣ «እኔ ላም ነው የምነዳው፤ ይሄ እኮ አውሮፕላን ነው።»

በመጨረሻ ያገኘሁት ቀላል ነበር። በአሮጌ ስልክም፣ በደካማ ኔትወርክም ይከፈታል። ለርዕስ፣ ለፎቶና ለመልእክት አንድ አንድ ቦታ አለው፤ በቃ። የፊት ገጹ ላይ የመልእክቱ የመጀመሪያ መስመሮች ብቻ ይታያሉ፤ የቀረውን የፈለገ ከሥር «ሙሉውን ያንብቡ» የሚለውን ይነካል። ይህን በተለይ ወደድኩት። ዳታ ይቆጥባል አልኩ። ኦቦ ዋሪዮ ፊደል የቆጠሩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፤ በአውራ ጣታቸው እየለቀሙ ሲጽፉ ሳይ ትክክለኛውን መረጥኩ ብዬ ጌታን አመሰገንኩ።

ከዚያ ሀገያ የሚባለው ዝናብ ቀረ። ቀጥሎ የሚጠበቀውም ቀረ።

ቀበሌያቸው ኔትወርክ ስለሌለው ኦቦ ዋሪዮ በየገበያው ቀን በጭነት መኪና ይመጡና ደጄ ላይ ካለው ግራር ሥር ተቀምጠው ይጽፋሉ። እኔ ከውስጥ ሆኜ ሰላም መሆናቸውን በኦሮምኛው እጠይቃለሁ፣

«ናጋ ነዎት፣ ኦቦ?»

«ናጋ።»

«ጻፉ?»

«ጻፍኩ።»

እሳቸው ከሄዱ በኋላ ገጹን ከፍቼ አያለሁ። እንዲህ ይላል፦ «ለሩቅ ልጆቻችን። ናጋ ናችሁ? እኛ ናጋ ነን። ልጆች ሰላም ናቸው። ላሞች ሰላም ናቸው። ሽማግሌዎች ሰላም ናቸው።» ተመስገን እልና ወደ ሥራዬ እመለሳለሁ። ገበያው አጥንታቸው በገጠጠ ከብቶች እንደተሞላ አያለሁ፤ ግን የእነሱ ካሎ፣ ለክፉ ቀን አጥረው የሚያቆዩት የግጦሽ መሬት፣ ሣር ያልጨረሰ መስሎኝ ነበር። ጌታ አስቧቸዋል አልኩ። ሰውየው ራሳቸው ከገበያ ገበያ እየመነመኑ ሲሄዱ እያየሁ ነው ይህን የምለው።

አንድ የገበያ ቀን ግራሩ ሥር አልተቀመጡም። በቀጥታ ወደ ውስጥ ገቡ። ሰላምታችንን ተለዋወጥን፤ ከዚያ ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው፣

«ማርታ፣ ልጆቹ ተቆጥተውናል?» አሉኝ።

«ኧረ በምን?»

«ስንት ጊዜ ጻፍኩ። አንድም የመለሰ የለም። ምን በድለናቸው ነው?»

ገጹን ከፈትኩት። መልስስ ነበር። የመጨረሻው መልእክት ሥር «አሜን፣ ሰላማችሁ ይብዛ» ብለው የጻፉ አሉ። የልብ ምልክት ያደረጉም አሉ። ከዚያ፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ለመጀመሪያ ጊዜ «ሙሉውን ያንብቡ» የሚለውን ነካሁት።

ከሰላምታው በታች እንዲህ ይል ነበር፦ «ዝናብ የለም። ኩሬው ደርቋል። ካሎው አልቋል። ላሞቹ ከተኙበት አይነሱም፤ ጠዋት ጠዋት በትከሻችን ደግፈን እናቆማቸዋለን። አሁን እኛም ደከምን። ድርቆሽ ላኩልን። ካልደረሳችሁ የሚተርፍ የለም።»

የፊተኛውን ከፈትኩ። የዚያን ፊተኛም። ሁሉም በሰላምታ ይጀምራሉ፤ ሁሉም ከሥር ያለቅሳሉ።

ወዲያው አዲስ አበባ ለሚኖረው ለወንድማቸው ልጅ ለጉዮ ደወልኩ። መዋጮውን የሚያስተባብረው እሱ ነው። የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩትና አጎቱ አብረውኝ እንዳሉ ነግሬ፣ ከሰላምታው በታች ያለውን አነበብኩለት።

«አቤራ፣» አለ ጉዮ፣ አጎቱን ሲጠራ እንዲያ ነው፣ «ሰላም ነን ብለው ጽፈው የለም እንዴ? በየሳምንቱ እኮ አይቻለሁ! ላሞቹ ሰላም ናቸው ይላል!»

ኦቦ ዋሪዮ ግራ ገባቸው። እውነት ነው የምለው፣ አልተናደዱም፤ ምን እንደሚጠየቁ ነው ያልገባቸው።

«ታዲያ በሞት ልጀምር?» አሉ። «ሰው ሰላም ሳይል ሬሳ ይዞ ቤት ይገባል? አንተ የማን ልጅ ነህ?»

ጉዮ ሲያለቅስ ተሰማን።

አዋጥተው ድርቆሽ የጫነ መኪና ላኩ፤ በዚህ አልታሙም። መኪናው ነገሌ ሲደርስ እኔም ከሹፌሩ ጎን ተቀምጬ ወደ ቀበሌው ሄድኩ። ባልሄድ ደስ ባለኝ። ከመንደሩ ሳንደርስ ሽታው ተቀበለን። የካሎው አጥር እንደቆመ ነው፤ ውስጡ የወደቁ ከብቶች ናቸው። ሴቶች ከአንዲት ላም ሆድ ሥር እንጨት አሳልፈው ሊያነሷት ይታገሉ ነበር። ድርቆሹን አፏ ሥር አኖሩላት። አሸተተችው። አልበላችም።

የኦቦ ዋሪዮ ላሞች አንድም አልተረፉም። እሳቸው ግን ድርቆሹ ከብት ለተረፈላቸው ጎረቤቶች በትክክል እስኪከፋፈል ቆመው አስተባበሩ። ከዚያ ሹፌሩን ረዥም ምርቃት መረቁት፤ እኔንም ጨምረው። አሜን ማለት አቃተኝ።

አሁን ፕሮግራሙን ቀይሬዋለሁ፤ መልእክቱ እስከ መጨረሻው ይታያል። ገጹ ሲከፈት ይዘገያል፣ ዳታ ይበላል፤ ይብላ። ደንበኛ ሲመጣም ስለ ዋጋው ከመናገሬ በፊት «ለዘመድዎ ክፉ ወሬ ሲነግሩ ከምን ይጀምራሉ?» እላለሁ። አንዳንዱ ይገርመዋል። እናቴም ከሆሳዕና ስትደውል «ሁላችን ደኅና ነን፣ ጌታ ይመስገን» ትላለች፤ ዱሮ እዚያ ላይ እንሰነባበት ነበር። አሁን «ከዚያስ፣ እማ?» እላለሁ። ከዚያ በኋላ ያለውን መስማት ከብዶኝም ቢሆን።

ባለፈው ሰሞን ኦቦ ዋሪዮ በደጄ ሲያልፉ አየኋቸው። ገጹ ላይ መጻፍ ትተዋል። ሮጬ ወጣሁ፤ ልማድ ነውና አፌ ቀደመኝ።

«ናጋ፣ ኦቦ? ልጆች ሰላም? ላሞች ሰላም?»

ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ላም እንደሌላቸው ትዝ አለኝና ደነገጥኩ። እሳቸው ግን ከዘራቸውን ተደግፈው ቀስ ብለው መለሱልኝ።

«ናጋ፣ ልጄ። ላሞች ሰላም ናቸው።»

ቆሜ ቀጣዩን ጠበቅሁ። ምንም አልጨመሩም። አንገቴን ሳም አድርገው ወደ መናኸሪያው ሄዱ።