ሽመሎቹና የሳር ጎጆው

ማዘንጊያ ብሩሽ መያዝ የተማረችው በግርድና በገባችበት ቤት ነው። በሃያ ሦስት ዓመቷ በመተማ በኩል ሱዳን ገብታ፣ ባሕሪ በሚባለው የካርቱም ክፍል አንዲት የኑብያ አሮጊት ዘንድ ተቀጠረች። አሮጊቷ በየዓመቱ የግቢዋን በር በኖራ ታነጣና ከላዩ ላይ አዞ፣ ዘንባባ፣ ጀልባ ትስልበት ነበር። ጉልበት ሲከዳት ብሩሹን ለማዘንጊያ አስረከበቻትና እሷ ከጎን ተቀምጣ፣ "ጅራቱን አርዝሚው እንጂ! አዞ መሆኑ ቀርቶ እንሽላሊት መሰለ" እያለች ታርማት ጀመር። አሮጊቷ ስትሞት ማዘንጊያ የሰው ቤት ሥራ በቃኝ አለች። ከዚያ ወዲያ የምታድረው በር እየሳለች ነው።

የካርቱም ጦርነት ከመነሳቱ በፊት በነበረው ክረምት አርባ ሰባት ዓመት ሞልቷት ነበር። ካላክላ ተከራይታ ትኖራለች፤ ጠዋት ጠዋት ሁለት ሐፍላ፣ ማለትም የከተማ አውቶቡስ፣ ተጋፍታ ጀሪፍ፣ ዓባይ ዳር ወዳለው የሐጅ ጠይብ መናፈሻ ትሄዳለች። ሐጅ ጠይብ በንግድ ያፈራውን ሀብት አፍስሶ ያቆመው የልጆች መጫወቻ ነው። በውስጡ "የወንዝ መንደር" የሚባል ክፍል አለ፤ እሱን አራት ዓመት ሙሉ ግድግዳ በግድግዳ የሳለችው ማዘንጊያ ናት። ቤቶቹ የጭቃ፣ በሮቹ ባለ ቀለም፣ ዥዋዥዌው ባለ ሸራ ጀልባ፣ የቆሻሻ መጣያው ሳይቀር የውሃ ጋን መስሎ የተሠራ ነው። መንደሩ ውስጥ ብረት የሚባል ነገር ለዓይን አይታይም። ሐጅ ጠይብ እንግዳ ሲመጣበት "ከዚህ በር ስትገባ ካርቱም የለችም" ማለት ይወዳል፤ ማዘንጊያም ይህን በሰማች ቁጥር ደስ ይላታል።

አረፋ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው አንድ ትልቅ የጭነት መኪና ግቢው ውስጥ ቆመ። የሐጁ የወንድም ልጅ ባቢክር፣ መሐንዲስ ነኝ የሚለው ሰውዬ፣ ከውጭ አገር ያገለገለ መጫወቻ አስመጥቷል። መሐሉ ላይ ወፍራም የብረት ምሰሶ አለ፤ ከምሰሶው ስምንት ክንዶች ይወጣሉ፤ በየክንዱ ጫፍ አንድ አንድ ሮኬት ተሰክቷል። ሞተሩ ሲነሳ ሮኬቶቹ እየዞሩ ሁለት ሰው ቁመት ያህል ሽቅብ ይወጣሉ። ሌላ ባዶ ቦታ ስላልነበረ የተተከለው በወንዝ መንደር መሐል፣ ለጌጥ ከተሠራው የውሃ መሳቢያ መዘውርና ከገንዳው ጎን ነው።

ሐጁ መጥቶ አየው። ዞረው። ፊቱ ጠቆረ።

"ይሄ ምንድን ነው? የሠርግ ቤት ውስጥ የገባ ታንክ ይመስላል።"

"አጎቴ፣ ልጆች የሚወዱት ሮኬት ነው፤ ማን የጭቃ ቤት ሊያይ ይመጣል?" አለ ባቢክር።

"እኔ እመጣለሁ! ማዘንጊያ፣ አንቺ ምን ትያለሽ?"

ማዘንጊያ መልሱን ቀድማ አስባው ነበር። ዝናብ ሊገባ ሲል ወደ ሱዳን መንደሮች የሚመጡ ሽመላዎች አሉ፤ ጀርባቸው ጥቁር፣ ሆዳቸው ነጭ፤ በየሳር ቤቱ ጣሪያ ላይ ይሰፍራሉ። ሰዉ ሲምቢር ይላቸዋል፤ ሲያያቸውም ክረምት ገባ ብሎ ይደሰታል። "ሮኬቶቹን ሽመላ አደርጋቸዋለሁ" አለች። "ምሰሶውንም ሳር ጎጆ እናልብሰው። ሽመሎቹ በጎጆው ዙሪያ ይበርራሉ።"

ሐጅ ጠይብ እጁን አጨበጨበ። "ሰማህ? እንዲህ ነው የሚባለው! ያላ፣ ጀምሪ!"

ባቢክር በሰው ፊት በአንዲት ሐበሻ ሠራተኛ መበለጡ አልተዋጠለትም፤ ግን እሱም የራሱን ጨመረ። የመቆጣጠሪያው ክፍል በመስታወት የተሠራ ነበር። "እሱም መንደሩን ያበላሻል" ብሎ ዙሪያውን በጭቃ አስገነባው፤ ለማያ ልክ እንደ ጭቃ ቤት አንዲት ጠባብ መስኮት ብቻ ተተወችለት።

ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ሙሐመድአወል ነው። የወሎ ሰው ነው፤ ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው፤ ቃል ቆጥቦ የሚናገር። ጎጆው ጫፉ ድረስ በተከደነ ማግሥት ማዘንጊያ ሽመላ ስትቀባ አጠገቧ መጥቶ ቆመ።

"እትዬ ማዘንጊያ፣ ከዚያች መስኮት ሆኜ ስምንቱንም አላይም። ጎጆው ይጋርደኛል። ከጀርባው ያሉት ምን እንደሆኑ በምን አውቃለሁ?"

ማዘንጊያ ያን ጊዜ የሽመላውን ዓይን እየከበበች ስለነበር ቀና አላለችም። "ዞረው ይመጡልህ የለም እንዴ? ጎጆውን ዝቅ ባደርገው ብረቱ ይወጣል፤ ብረቱ ከወጣ ደግሞ ምኑን መንደር ሆነ?"

"እሱስ ልክ ነው" አለ ሙሐመድአወል። ወደ ማሽኑም ተመለሰ።

አረፋ አራት ቀን ሲቀረው ሙከራ ተደረገ። ክብደት እንዲሆን ስምንት ሠራተኞች ተጠሩ። ማዘንጊያ ከፍታ ትፈራለች፤ ሰው ሲጎድል ግን እንቢ ማለት አፍራ አንዱ ሽመላ ላይ ወጣች። ከፊቷ ባለው ላይ የጽዳት ሠራተኛዋ ሐምዲያ "ቢስሚላህ፣ ቢስሚላህ" እያለች ተቀምጣለች። ድምፅ ማጉያው ዘፈኑን ለቀቀው፤ ሽመሎቹም ዞሩ፤ ቀስ በቀስም ከመሬት ተነሡ።

መጀመሪያ አማረ። ከላይ ስታየው መንደሩ በሙሉ የእጇ ሥራ ነው፤ ከአጥሩ ማዶ ዓባይ ደፍርሶ ይፈሳል። በሦስተኛው ዙር የተቃጠለ ጆንያ የሚመስል ሽታ ሸተታት። ቀና ብላ ጎጆውን አየች። ከጫፉ ሥር በጀርባ በኩል፣ ሳሩ ከታሰረበት፣ ቀጭን ጭስ ይወጣል።

ትናንት ማታ አቧራ ያዘለ ነፋስ መንደሩን ሲያተራምስ ነበር ያመሸው። ሳሩን አላልቶት ኖሮ፣ አንድ እፍኝ ያህል ምሰሶው አናት ላይ ባለው የሞተር ቀበቶ ላይ ወድቋል። ይህ የታወቀው በኋላ ነው። በዚያች ሰዓት ማዘንጊያ የምታውቀው ጎጆው እየጨሰ መሆኑንና እሷ በአየር ላይ መሆኗን ብቻ ነው።

"ሙሐመድአወል! አቁመው!"

ዘፈኑ ድምፅዋን ዋጠው። ባቢክርና ሐጁ በር በኩል ቆመው ፊታቸውን ወደ ጀልባው አዙረው ያወራሉ። ጭሱ የሚወጣው በጎጆው ጀርባ ስለሆነ ከታች ላለ ሰው አይታይም። ሽመላዋ ዞራ በመስኮቷ ፊት አለፈች፤ ሙሐመድአወል አቀርቅሮ የማሽኑን ሰዓት ያያል። ጮኸች። አለፈችው። እንደገና ጎጆው ጀርባ ገባች፤ ጭሱ ዓይኗን ለበለባት፤ ከሳሩ መሐል ቀይ ነገር ብልጭ አለ። ሐምዲያም አየችው፤ ጩኸቷን ለቀቀችው።

ማዘንጊያ ጫማዋን አወለቀች። መስኮቷ ስትመጣ አነጣጥራ ወረወረች፤ ጫማው ግድግዳውን መትቶ ወደቀ። የቀራት አንድ እግር ጫማ ነው። አንድ ሙሉ ዙር መጠበቅ ነበረባት፤ ያ ዙር በሕይወቷ ከጠበቀችው ሁሉ ረዘመባት። መስኮቷ ስትደርስ ወገቧ እስኪሰበር ተንጠራርታ ወረወረች። ጫማው በመስኮቷ ሰተት ብሎ ገባና ሙሐመድአወልን ትከሻው ላይ አገኘው። ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተያዩ። እጇን ወደ ጎጆው ዘረጋች።

ቀዩን ማቆሚያ መታው። ማሽኑ ቆመ። ግን ክንዶቹ አልወረዱም፤ ስምንቱም ሽመላ ባሉበት አየር ላይ ተንጠለጠሉ። ድንገት ሲቆም ማውረጃው በእጅ ካልተከፈተ አይወርድም፤ ማውረጃው ያለው ደግሞ ምሰሶው ሥር፣ ጎጆው ውስጥ ነው።

ሙሐመድአወል ወጥቶ ሮጠ። የጎጆዋ በር ለጌጥ ተብላ የተሠራች ጠባብ ስለነበረች ትከሻውን አላስገባ አለችው። ማዘንጊያ ከላይ ሆና፣ እሷ በገመድ እያጠበቀች ያሰረችውን ሳር እሱ በጣቱ እየነጨ ሲጥል አየችው። "ግባ! ግባ ወንድሜ!" ትላለች፤ ድምፅዋ ግን ለራሷም አይሰማትም። ከላይ እሳቱ በአንድ ጊዜ ፏ ብሎ ተነሣ። ሙቀቱ ፊቷ ላይ ደረሰ፤ የሽመላው አዲስ ቀለም ማበጥ ጀመረ። ሙሐመድአወል ጭሱ ውስጥ ጠፋ።

ክንዶቹ ተንቀጠቀጡ። ከዚያ፣ በጣም ቀስ ብለው፣ መውረድ ጀመሩ።

ሰው ሁሉ መሬት ሳይደርስ እየዘለለ ወረደ። ከመዘውሩ ገንዳ ውሃ በባልዲ እየቀዱ እሳቱን አጠፉት። ሐምዲያ ስትዘል ቁርጭምጭሚቷ ዞሮባታል። ሙሐመድአወል ሁለቱም መዳፉ ተልጦ፣ ቅንድቡ ተለብልቦ፣ ከገንዳው ዳር ተቀምጦ እጁን ውሃ ውስጥ ነክሯል። የሞተ ሰው አልነበረም።

ባቢክር በጥላሸቱ ዙሪያ ሲሽከረከር ቆየና ጣቱን ማዘንጊያ ላይ ቀሰረ። "ሳሩን ያሰረችው እሷ ናት! በደንብ ብታስር ኖሮ ይሄ አይመጣም። አሁንም ጊዜ አለን። አዲስ ሳር አስመጣለሁ፤ በውሃ አርሰን በሦስት ቀን እንከድነዋለን። እንቢ ካለች ኢቃማዋን የሚፈርምላት ማን እንደሆነ ታስታውስ።"

ማዘንጊያ ባዶ እግሯን ቆማለች። ኢቃማዋ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ፣ የሚያበቃው በሚቀጥለው ወር ነው፤ ያለ ሐጁ ፊርማ አይታደስም፤ ያለ ኢቃማ ደግሞ ፖሊስ ባየች ቁጥር መንገድ መቀየር ነው።

"አልሠራውም" አለች።

"ምን አልሽ?"

"ሐጅ፣ ለእርስዎ ነው የምናገረው። ሳሩን በደንብ አስሬው ነበር፤ ግን ነገሩ እሱ አይደለም። ይሄ ልጅ ከመስኮቷ አይታየኝም ብሎ ነግሮኛል። ቀና ብዬ እንኳ አላየሁትም። መንደሬ እንዳይበላሽ ነበር ያሰብኩት። ዛሬ እኛ ባንሆን፣ አረፋ ዕለት የሰው ልጆች ይሆኑ ነበር። ወፎቹን እንደገና እቀባለሁ፤ ብረቱንም ቀቢው ካሉኝ እቀባለሁ። የሚከደን ነገር ግን በእጄ አልሠራም። ቢያባርሩኝም አልሠራም።"

ባቢክር አፉን ሲከፍት ሐጁ በእጁ ዝም አሰኘው። ጎንበስ ብሎ ጭቃ ለብሶ ወደተሠራው መቆጣጠሪያ ክፍል ገባ፤ የሙሐመድአወል ቦታ ላይም ተቀመጠ። በጠባቧ መስኮት ሽበታም ፊቱ ብቻ ይታያል። ሳሩ ተቃጥሎ የጎጆው የእንጨት አጥንት ቆሞ ቀርቷል። ሐጁ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሽመሎቹን መቁጠር ጀመረ።

"ዋሐድ። እትኔን። ተላታ። አርበዓ። ኸምሳ።" አንገቱን ወደ ግራ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ አደረገ። "ኸምሳ" አለ እንደገና፣ አሁን ዝቅ ባለ ድምፅ። "ገና ሳር ሳይለብስ አምስት ብቻ።"

ሲወጣ ጀለቢያው ጭቃ ነክቶታል። "ባቢክር፣ መዶሻ አምጣ።"

"አጎቴ፣ መንደሩ እኮ..."

"መዶሻ አምጣ አልኩህ!"

ግድግዳው በዚያው ከሰዓት ፈረሰ። ማዘንጊያ የጎጆውን አጥንት ራሷ በመጥረቢያ ጣለችው። ከሠራችው ሁሉ ያማረው እሱ ነበርና እየጣለች አለቀሰች፤ ጭሱ ነው ብላም ሐምዲያን አታለለቻት። በቀሩት ቀናት ሽመሎቹን እንደገና ቀባች፤ ሙሐመድአወል እጁ ቢጠቀለልም ከመስታወቱ ኋላ ተቀምጦ ቁጥራቸውን ከሩቅ መለየት እንዲችል በየሆዳቸው ላይ ከአንድ እስከ ስምንት ጻፈችባቸው። ምሰሶውን ሰማያዊ አደረገችው፤ ያም ሆኖ ብረትነቱ አልተሸሸገም።

አረፋ ዕለት ግቢው ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። ረጅሙ ሰልፍ የሽመሎቹ ነበር። አንዲት ቀይ ቶብ የተከናነበች እናት ልጇን ይዛ ተራ እየጠበቀች፣ ለጎረቤቷ "ወፎቹ ደስ ይላሉ፤ ይሄ ብረትና መስታወት ግን ከጭቃ ቤቶቹ ጋር አይሄድም" ስትል ማዘንጊያ ከኋላዋ ሆና ሰማች። ሴትዮዋ እውነቷን ነው። ማዘንጊያም ራሷን በስምምነት ነቀነቀች።

ባቢክር ከዚያ በኋላ ሰላም ብሏት አያውቅም። ሐጅ ጠይብ ግን በሚቀጥለው ሳምንት ከወረቀት ጋር ጠርቶ አስቀመጣትና፣ ኢቃማዋን ከመፈረሙ በፊት አንድ ነገር ጠየቃት፤ ካሁን በኋላ አዲስ መጫወቻ ሲመጣ፣ ያምራል ወይ ብሎ ከመጠየቁ አስቀድሞ እሷና ሙሐመድአወል አብረው ገብተው እንዲያዩት። እሺ አለች። ዘጠኝ ወር ቆይቶ ጦርነቱ መናፈሻውን እስኪዘጋው ድረስ ሁለት መጫወቻ መጣ፤ አንዱን አስገቡት፣ አንዱን መለሱት።