የተመረቀው እጅ

ባለፈው ፋሲካ ቡራዩ፣ ወንድሜ ደረጄ ቤት ነበርኩ። ዶሮው ተበልቶ፣ የቅርጫው ሥጋ ቀርቦ፣ ጠላው ሰውን ማስወራት ሲጀምር ደረጄ ያንኑ የፈረደበትን ወሬ አነሳ። ከሚስቱ ወንድሞች አንዱ ጋራዡ እንዴት እንደተጀመረ ጠይቆት ነበር። «የእኔ እንጀራ የተጀመረው በአንድ ሎቤድ መወጣጫ ነው» አለና ሁለት እጆቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። «በእነዚህ እጆቼ የበየድኩት መወጣጫ ነው ያንን የሚያህል ዶዘር የተሸከመው። ኦቦ ቶሎሳ እነዚህን እጆች ይዘው መረቁኝ። ይኸው እስከ ዛሬ ምርቃታቸው ያበላኛል።»

ሰው ሁሉ አደነቀ። እኔ ታላቅ እህቱ ስንዱ፣ ከጎኑ ተቀምጬ አጥንቴን እግጣለሁ። ይህን ወሬ በሠርግም በለቅሶም ሰምቼዋለሁ፤ በሰማሁት ቁጥር ትንሽ ይጨመርበታል። በዚህ ፋሲካ ደግሞ ዶዘሩ ከአምናው ክብደት ጨምሯል። ሆድ ይፍጀው ብዬ ዝም ማለት ከለመድኩ ብዙ ጊዜዬ ነው። ዝም ያለ ሰው ግን የረሳ ይመስላቸዋል። እኔ አንዲት ነገር አልረሳሁም። ያንን መወጣጫ የበየድኩት እኔ ነኝ።

አባታችን በአምቦ መንገድ ዳር ትንሽ የብየዳ ቤት ነበራቸው። በርና መስኮት፣ የጋሪ ብረት፣ የወፍጮ ቤት ዕቃ ይሠሩ ነበር። ዓይናቸው በእሳቱ ብርሃን እየደከመ ሲሄድ ብየዳውን ቀስ በቀስ ለእኔ ለቀቁልኝ። «ዓይንሽ ቢያታልልሽ ጆሮሽ አያታልልሽም» ይሉኝ ነበር። «ደህና ብየዳ እንደሚቁላላ ሽንኩርት ነው የሚንጫጫው። ድምፁ ከተቆራረጠ አቁሚና እንደገና ጀምሪ።» ያኔ ሃያ ዓመት አልሞላኝም። ሰፈሩ ወንዳወንድ ይለኛል፤ ደንበኛ ሲመጣ ደግሞ አባባ መከላከያውን ከፊቴ ላይ ያስወልቁኝና ወደ ጓሮ ይልኩኛል። አልከፋኝም። ደንበኛው ሄዶ ስመለስ ሥራው ይጠብቀኛል፣ እኔ የምፈልገው ሥራውን ነው።

ኦቦ ቶሎሳ የመጡት ክረምቱ ሲገባ ነው። የሱሉልታ ሰው ናቸው፤ ድርቆሽና ወተት እየሸጡ ኖረው በስተርጅና አሮጌ ዶዘርና ዶዘሩን የሚጭን ሎቤድ መኪና ገዝተዋል። በዚያን ጊዜ በየአቅጣጫው መሬት እየተደለደለ ፋብሪካና የአበባ እርሻ ይሠራ ስለነበር ዶዘር ያለው ሰው ሥራ አያጣም። እሳቸው ግን ከሁሉም በላይ መወጣጫ ይፈራሉ። የቀድሞው መወጣጫቸው መሃሉ ላይ ጎብጦ ዶዘሩ ወደ ጎን ተንሸራቶ፣ ኦፕሬተሩን፣ የእህታቸውን ልጅ፣ እግሩን ሰብሮት ነበር።

«አካም ቡልተኒ፣ እንዴት አደራችሁ» ብለው ገቡና ባርኔጣቸውን አውልቀው ውሃውን አራገፉ። «ዶዘሬ ሱሉልታ ጭቃ ላይ ቆሟል። ሰበታ ሥራ ይዣለሁ። መወጣጫ ሥሩልኝ፤ እንደበፊቱ ያለ ከሆነ አልፈልግም፤ የሰው ነፍስ አለበት።»

የሄዱ ጊዜ አባባ ጠሩኝ። «ስንዱ፣ ይህንን ከተወጣሽው የሽማግሌው ማሽን ሁሉ የእኛ ነው፤ የሱሉልታም የሰበታም ባለማሽን ይከተላል። ከዚያ በኋላ እኔ ጡረታ ወጣሁ። ደረጄ ትምህርቱን ይማር። ቤቱ ያንቺ ነው» አሉኝ። በዚያ ዕድሜዬ ከዚህ የሚበልጥ ነገር የሚሰጠኝ ሰው አልነበረም። እኩዮቼ ባል ይጠብቃሉ፣ እኔ የብየዳ ቤት።

መወጣጫ ለማያውቀው ሰው ቀላል ነገር ነው፤ ከሎቤዱ ጀርባ እስከ መሬት የሚዘረጋ ሁለት የብረት ድልድይ። ችግሩ ርዝመቱ ላይ ነው። ካጠረ ዳገት ይሆንና ዶዘሩ ጫፉ ላይ ሲደርስ ሆዱ ይንጠለጠላል። ከረዘመ መሃሉ ላይ ይጎብጣል። አባባ አጭርና ወፍራም እናድርገው አሉ። እኔ ረጅም ይሁን፣ ግን ከሥሩ መሃሉ ላይ ጠለቅ የሚል ብረት በቁሙ እንበይድለት፣ ከሎቤዱ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ደግሞ መሬት የሚረግጥ እግር ይኑረው አልኩ። ወለሉ ላይ በጠመኔ ሣልኩላቸው። ጎንበስ ብለው በደከመው ዓይናቸው አፍጥጠው አዩትና «እሺ፣ እንዳልሽው» አሉ። አባቴ በሕይወታቸው ለሰው «እንዳልሽው» ሲሉ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ክረምቱ አላላውስ አለን። ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ሲወርድ የብየዳው ድምፅ አይሰማኝም፣ ስለዚህ ሲያባራ እየጠበቅኩ ነው የምበይደው። ኤሌክትሮዱ፣ የምንበይድበት ዘንግ፣ እርጥበት ይስባል፤ እርጥብ ኤሌክትሮድ ደግሞ ከላይ ያማረ፣ ውስጡ ቀዳዳ የሆነ ብየዳ ነው የሚያወጣው። ከሰል ምድጃ ዳር እየደረደርኩ አደርቀዋለሁ። ብረቱ ሙቀት ሲበዛበት እንዳይጣመም አንዴ ከዚህ፣ አንዴ ከዚያ ጫፍ ትንሽ ትንሽ እያልኩ እሄድበታለሁ። የዶዘሩ የእግር ሰንሰለት ጭቃ ይዞ ሲመጣ እንዳያንሸራትተው ከላይ እንደ መሰላል ደረጃ የሚሆን ብረት ደረደርኩበት። ደረጄ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ስለነበር ብረት ይይዝልኝና የብየዳውን ቅርፊት በመዶሻ ያራግፍልኛል። ሐቁን ለመናገር አይለግምም ነበር። አረፍ ስንል ቆሎ እየቆረጠምን ስለ ዩኒቨርሲቲ ያወራኛል፤ ሐኪም መሆን ነበር የሚፈልገው። ብረት አይወድም፣ ብልጭታው ያስፈራዋል።

ሲያልቅ ሎቤዱ ላይ ገጥመነው በእንጦጦ በኩል ወደ ሱሉልታ ወጣን። ለእኔ አባባ ሰማያዊ ቱታቸውን ሰጥተውኛል፤ እጅጌው ረዝሞ ጣቶቼን ይሸፍናል። ሜዳውን ጉም ውጦታል፣ ከብት ይሰማል እንጂ አይታይም። ዶዘሩ እርጥብ ሣር መሃል ቆሞ፣ ያ እግሩን የተሰበረው ኦፕሬተር እያነከሰ ይዞረዋል። መወጣጫውን አወረድን። ኦቦ ቶሎሳ አንዴ በእግራቸው ወጡበት፣ አንዴ በበትራቸው መቱት፣ ከዚያ ቆም ብለው «የበየደውን እጅ ሳልመርቅ ማሽን አይወጣም» አሉ። «የአባቴ ወግ ነው። ማን ነው የበየደው?»

 አባባ ወደ እኔ አዩ፤ ወደ ኦፕሬተሩ እግር አዩ። ሽማግሌው በሴት ልጅ ብየዳ ላይ የእህታቸውን ልጅ እንደማያወጡ አባባም ያውቃሉ፣ እኔም አውቄያለሁ። ከዚያ እጃቸውን ደረጄ ትከሻ ላይ ጣል አደረጉ። «ይኸው፣ ልጄ ነው።»

ደረጄ ደነገጠ። አፉን ከፈተና አባባ ትከሻውን ጫን ሲያደርጉት መልሶ ዘጋው። ሽማግሌው ሣር ነጭተው በእጁ አስያዙት፣ መዳፎቹን በእጃቸው መሃል ከተው እንትፍ እንትፍ አሉበት። «ሀርኪ ኬ ሀ ኤቢፈሙ! እጅህ ይባረክ! የነካኸው ብረት ይጽና፣ የጀመርከው ይለቅ፣ ቤትህ ሰው አይጣ፣ ዋቀዮ ሲፍ ሀ ኬኑ! እግዜር ይስጥህ!» መዳፉን ዳበስ አድርገው «ለስላሳ እጅ ነው፣ ገና ልጅ ነው» ብለው ሳቁ። የእኔ እጅ ብልጭታ በበላው ጠባሳ ተሞልቶ በቱታው እጅጌ ውስጥ ነበር። ሁሉም አሜን ሲል እኔም አሜን አልኩ።

ዶዘሩ ተነሳ። መሬቱ ተንቀጠቀጠ። የሰንሰለቱ ፊት መወጣጫውን ሲረግጥ ዓይኔን ጨፍኜ በጆሮዬ ብቻ ተከታተልኩት። መሃሉ ላይ ሲደርስ ብረቱ አንዴ አቃሰተና ጸና። ዓይኔን ስገልጥ ዶዘሩ ጫፉ ላይ ቀጥ ብሎ፣ ወዲያው ቀስ ብሎ ሎቤዱ ላይ ጋደም አለ። ኦፕሬተሩ ሞተሩን አጥፍቶ ወረደና አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ፤ በደስታም በንዴትም ነው። ጭኮ ቀረበልን፣ ቅቤው ጣት ላይ ይቀልጣል፤ የመጀመሪያውን ጉርሻ ለደረጄ ሰጡት።

ስንመለስ አባባን ጠየቅኳቸው። «ምን ላድርግ፣ ልጄ? እንዲያልፍ ብዬ ነው» አሉኝ። «ያልኩሽ ያልኩሽ ነው።» አመንኳቸው። እንዲያውም በልቤ ለእሳቸው አዘንኩ።

ምርቃቱ ግን እንዲያልፍ ተብሎ የሚያልፍ ነገር አልነበረም። ኦቦ ቶሎሳ በሱሉልታና በጫንጮ ገበያ ስለዚያ ልጅ እጅ አወሩ። ባለማሽኖች መምጣት ጀመሩ፤ «የተመረቀው ልጅ የታል?» ብለው ነው የሚገቡት። የሚገርመው ይህ አይደለም፤ ሰው የሰማውን ያወራል። የሚገርመው አባባ ናቸው። ውሸቱን የተናገሩት ራሳቸው ሆነው ሳለ፣ ሥራው ሲጎርፍ ሲያዩ ምርቃቱ ማንን እንደያዘ ያሰላስሉ ጀመር። አንድ ቀን ለብቻችን ስንሆን፣ ፊቴን ሳያዩ፣ «ስንዱ፣ ምርቃት ከአፍ ከወጣ አይመለስም» አሉኝ። «በእሱ እጅ ላይ አርፏል። አንቺን ቤቱ ላይ ባስቀምጥ በረከቱን ማባረር ይሆንብኛል። እግዜርን ነው የምፈራው።»

«የበየድኩት እኔ ነኝ እኮ፣ አባባ!»

«እሱንማ አውቃለሁ። የተመረቀው ግን እሱ ነው።»

ስስት ቢሆን ኖሮ እከራከራቸው ነበር። እሳቸው ግን ከልባቸው ፈርተዋል።  ከሚፈራ ሰው ጋር ምን ክርክር አለ? ደረጄ ከትምህርቱ ቀርቶ መከላከያውን አጠለቀ። እያስተማርኩት ትንሽ ጊዜ አብሬው ሠራሁ፤ ከዚያ ደንበኛ እኔን ባየ ቁጥር አባባ ሲሳቀቁ ማየት ሰለቸኝ። ሰበታ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ገባሁ፣ እዚያው አገባሁ፣ እዚያው ወለድኩ። ብየዳ ዳግመኛ አልነካሁም። አባባ ሲሞቱ ይቅርታ አልጠየቁኝም፤ ልክ የሠሩ ይመስላቸው ነበር።

ለደረጄ ግን ሁልጊዜ አዝንለታለሁ። ሐኪም ሊሆን የነበረ ልጅ ነው፤ የማይወደውን ብረት ሲታገል ኖረ። ወሬውን ደጋግሞ ሲያወራ እውነቱ ከአእምሮው ወጥቶ ጠፍቷል ብዬ ነው የማስበው። የረሳ ሰው አይዋሽም።

ፋሲካ ዕለት ወሬውን ሲጨርስ ልጁ ሣራ፣ ዘንድሮ ምህንድስና የገባችው፣ ወደ እኔ ዞረች። «አክስቴ፣ አንቺስ ያኔ የት ነበርሽ?»

 መናገር እችል ነበር። ልጅቷ በአባቷ እንዴት እንደምትኮራ አየሁና አፌ ሌላ ነገር አወጣ። «እኔማ ምሳ አመላልስላቸው ነበር» አልኩ።

የደረጄ ብርጭቆ አፉ ጋ ሳይደርስ ቆመ። ቀና ብሎ አየኝ። ያ ሱሉልታ ሜዳ ላይ አፉን ከፍቶ የዘጋው ልጅ ነው ያየኝ። ከዚያ ዓይኑን ሰበረና «እውነቷን ነው» አለ። «የእሷ ምሳ ባይኖርማ ያንን ሥራ አንጨርሰውም ነበር።» ሰው ሳቀ፣ አጨበጨበልኝ፤ ሚስቱ ጉርሻ ዘረጋችልኝ፣ ተቀበልኳት።

ያን ምሽት ወደ ሰበታ ስመለስ ታክሲው ውስጥ ያሰብኩት ይህን ብቻ ነው። ረስቶታል ብዬ ለደረጄ ይቅርታ ካደረግኩለት ስንት ዘመኔ ነው። ለካ ሁሉንም ያስታውሳል፤ ለዚህኛው ደረጄ ይቅርታ የለኝም።