የዝግባዋ ዋስ

የእህቴ ልጅ ከሦስት ዓመት በኋላ ከአውሮፓ ለዕረፍት መጥታ፣ ጣና ዳር ሹም አቦ ሰፈር ካለው ቤቴ ገና ሻንጣዋን ሳታስቀምጥ፣ «አጎቴ፣ ሁለተኛ በአውሮፕላን አልመጣም» አለችኝ። የታመመች መስሎኝ ደነገጥሁ። ነገሩ ወዲህ ነው፤ የምትማረው ስለ አየር ጠባይ ነው። አውሮፕላን የሚተፋው ካርቦን ምድሪቱን እያሞቀ ለመዝናናት ብላ መብረሯ አሳፍሯታል። የሚካካስበት አንድ መንገድ አለ አለች፤ ዛፍ መትከል።

እናቷ ካረፈች ወዲህ ከዚህች ልጅ በቀር ዘመድ የለኝም። «ዛፍ ከሆነማ አገሩ ይኸው» አልሁና በማግስቱ በሞተር ጀልባዬ ወደ አንዲት የጣና ደሴት ወሰድኋት። ሥራዬ ጎብኚ ማመላለስ ነው። ሃያ ዓመት ወደዚያች ደሴት ሰው አድርሻለሁ፤ ቤተ ክርስቲያኑን ወደከበበው ደን ግን ዘልቄ አላውቅም። ጎብኚው እስኪመለስ ሞተሬን ስወለውል ነው የምውለው።

የደብሩ አገልጋይ አባ የልጅቱን ጉዳይ አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ። ይስቃሉ ብዬ ስጠብቅ አልሳቁም።

«እንግዲህ ንስሐ መሆኑ ነው። መትከሉስ የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ በበጋ ማን ያጠጣታል? ዋስ ጥሪ» አሉ።

በእኛ ዘንድ ቃል የገባ ሰው ዋስ ይጠራል፤ ቃሉን ቢያጎድል ዋሱ ይፈጽማል። ለችግኝ ዋስ ሲጠራ ግን ሰምቼ ስለማላውቅ ሳቄ መጣ። ልጅቱ ዘወር ብላ አየችኝ።

«እኔ ዋስ ነኝ» አልሁ።

ክንድ የማታክል የዝግባ ችግኝ ተከለች። ስትሰናበተኝ፣ «ከጸደቀች እመጣለሁ። ካልጸደቀች ግን ምን ብየ እመጣለሁ?» አለችኝ። ቀልድ አልነበረም።

ክረምቱ ሲወጣ ሐሙስ ሐሙስ ሞተሬን እያስነሳሁ ሄጄ ሁለት ባልዲ ውኃ አፈስላት ጀመር። በሦስተኛው ሐሙስ አባ ከዳር ቆመው ጠበቁኝ።

«ልጀ፣ ይኸ ጀልባህ ለሚያጨሰውስ ዋሱ ማነው?»

የአውሮፕላን ጭስ ላካክስ ነዳጅ እያጨስሁ መመላለሴን እስከዚያች ደቂቃ ልብ አላልሁትም። ተናደድሁ፤ ያናደደኝም እውነት መናገራቸው ነው።

ከዚያ ወዲያ የጎረቤቴን ከደንገል ሣር የታሰረ ታንኳ እየተዋስሁ ቀዘፍሁ። በሞተር ግማሽ ሰዓት የነበረው መንገድ ከንጋት እስከ ረፋድ ወሰደኝ፤ መዳፌም ተላጠ። ጣናን ግን ያን ጊዜ ነው ያየሁት። ሞተሩ ዝም ሲል ውኃው ይተነፍሳል። ፀሐይ ስትወጣ የሰማዩና የሐይቁ መጋጠሚያ ይጠፋና ሰው የት እንዳለ አያውቅም። ሃያ ዓመት እንጀራ የበላሁበት ሐይቅ መሀል መቅዘፊያዬን አጋድሜ ዝም ብዬ ተቀመጥሁ። ፈራሁት፤ ደስም አለኝ።

አጠጥቼ ስጨርስ ከአንድ ትልቅ ዝግባ ሥር አርፋለሁ። ግንዱን ሦስት ሰው ተያይዞ አያቅፈውም። አንድ ቀን ማን እንደተከለው አባን ጠየቅኋቸው።

«መምህሬ በልጅነታቸው ሲመጡም ይኸንኑ ያህል ነበር አሉ። ተካዩን የሚያውቅ የለም።»

ይህም አንድ ጊዜ ክንድ የማታክል ችግኝ ነበር፤ በየበጋው አንድ ሰው ውኃ ተሸክሞለታል። ያ ሰው ይህን ጥላ አላየውም። ጫፉን ለማየት ቀና ስል ቆቤ ወደቀ፤ ጫፉ አልታየኝም።

ለፋሲካ ልጅቱ ደወለች።

«ጸደቀች?»

«ጸድቃለች። አዲስ ቅጠል አውጥታለች።»

«አጎቴ፣ አስቤበት ነበር» አለች። «አንዲት ዝግባ የእኔን በረራ ለማካካስ ስንትና ስንት ዘመን ይፈጅባታል። አንተም እኔም ፍጻሜውን አናየውም።»

አልመጣም ልትለኝ መሆኑ ገባኝ። ላባብላት ፈልጌ በታንኳ እየቀዘፍሁ ስለመሄዴ፣ ስለ ትልቁ ዝግባና ስለማይታወቀው ተካዩ ነገርኋት።

«እና አንተ ስታልፍ ዋሷ ማን ይሆናል?» አለችኝ በመጨረሻ።

«ዋስ ሲሞት ወራሹ ይተካል። እኔ ደግሞ ካንቺ ሌላ ወራሽ የለኝም።»



«እንግዲያ ስመጣ መቅዘፍ ታስተምረኛለህ» አለችኝ።