ማሽኑ ጌሾዋ ሥር ጮኸ

ይታየው ከመሬት ያወጣውን ነገር ሁሉ መጀመሪያ የሚያስገባው አፉ ውስጥ ነው። አፈሩን በሱሪው አንዴ ጠረግ ያደርግና ምላሱ ላይ አስቀምጦ ዓይኑን ይጨፍናል። ብር ከሆነ ይቀዘቅዛል፣ ቆርቆሮ ከሆነ ይመራል፣ ይላል። ከዚያ እንትፍ ብሎ በዚያው አፉ እንጀራ ይጎርሳል። ሚስቱ ዝናሽ ይህን ማየት ከጀመረች ወዲህ ከእሱ ጋር ከአንድ ገበታ መብላት ትታለች። ሰው ሲጠይቃት ጨጓራዬን ያመኛል ትላለች።

የሚኖሩት ሲማዳ ውስጥ፣ ከወገዳ ወደ ቆላው በሚያወርደው መንገድ ዳር ነው። ቤቱም መሬቱም የዝናሽ ነው፤ ከእናቷ ከዓለምዬ የወረሰችው። ይታየው ሁለተኛ ባሏ ሆኖ የመጣው ዘግይቶ ነው። የመጀመሪያው ባሏ ቤተሰቦቿ ከትምህርት ቤት አስወጥተው በልጅነቷ የዳሯት ሰው ነበር። እናቷ ቤት መጥታ አንዲት ሴት ልጅ ወለደችለት፤ ልጅቱ ክርስትና ሳትነሳ ሞተች። ሰውዬውም ብዙ ሳይቆይ ሰሊጥ ሊያጭድ መተማ ወርዶ እዚያው ሌላ ሴት ይዞ ቀረ።

ክርስትና ያልተነሳ ሕፃን ቤተ ክርስቲያን ግቢ አይቀበርም። ፍትሐት የለው፣ ተዝካር የለው፣ ለቅሶ የሚደርስም የለ። ልጅቱን ዓለምዬና አንዲት ጎረቤት ሆነው ከጓሮ ቀበሯት። ወንድ አልነበረበትም። ዝናሽ አራስ ስለነበረች ከቤት አልወጣችም፤ መደብ ላይ ጋደም ብላ የዶማውን ድምፅ ብቻ ሰማች። አራስ ብረት አይለያትም ተብሎ ከትራሷ ሥር ቢላዋ ተቀምጦላት ነበር። እናቷ ገብታ ያን ቢላዋ ሳበችውና «አብሯት ይሁን፣ ብቻዋን አትሁን» ብላ ይዛው ወጣች። ሕፃኗን ከላይዋ በጠፍጣፋ ድንጋይ ከደኗት፣ ቢላዋውን ድንጋዩ ላይ አኖሩት፣ አፈር መለሱ። በክረምቱ ዓለምዬ ቦታው ላይ ጌሾ ተከለችበት።

ዝናሽ ያችን ጌሾ ውሃ ታጠጣታለች እንጂ ከእሷ አንድ ቅጠል ቆርጣ ለጠላ አስገብታ አታውቅም። ይታየው ምክንያቱን አያውቅም። አልነገረችውም። እንዲህ ያለ ነገር ለወንድ አይነገርም፤ ሴቶቹም ራሳቸው ደግመው አያነሱትም። እናቷ እስክትሞት ድረስ አላነሳችውም።

ብረት የሚፈልግበትን ማሽን ይታየው ያገኘው መተከል ወርቅ ሲቆፍር ቆይቶ ከተመለሰ አንድ የእስቴ ሰው ነው። ጊደር ሰጥቶ ለወጠው። ጫፉ ሰሐን የመሰለ ክብ ነው፣ ዘንግ አለው፣ ብረት ሲያገኝ እንደ ተራበ ጫጩት ይጮኻል። በዚህ አገር ወርቅ የለም፤ ግን ከጋይንት እስከ እስቴ የድሮ ሰዎች ጠገራ ብራቸውን በገንቦ አድርገው ቀብረዋል ሲባል ያልሰማ የለም። ይታየውም በመጀመሪያው በጋ ከአንድ ኦና፣ ሰው ትቶት ከፈረሰ ቤት ሥር፣ አንዲት ጠገራ አወጣ። ፊቷ ላይ ያለችው ሴትዮ ዓይንና አፍንጫዋ ተፍቆ የዱባ ፍሬ መስላለች። ቢሸጣት እንኳ አንድ ነገር ነበር። አልሸጣትም። በወተት ዱቄት ጣሳ ውስጥ አስቀምጦ በየማታው አውጥቶ ይልሳታል።

ከዚያች ወዲህ ሌላ ጠገራ አላየም፤ የሚያየው ሌላ ነው። የሰርዲን ቆርቆሮ፣ የጥይት ቀለህ፣ ዝገት የበላው ምላጭ፣ የጃንጥላ ሽቦ፣ የበቅሎ ልጓም ከነጥርሷ። ሁሉንም ሰብስቦ ቤት ያመጣል። ዝናሽ ሊጥ በምታቦካበት ገበቴ ውስጥ በሎሚና በአመድ ይዘፈዝፈዋል። ዝናሽ አንድ ቀን ገበቴዋን ስታነሳ ከሥሩ አረንጓዴ ዝቃጭ ወጣ፤ በዝቃጩ ውስጥ ደግሞ የሰው ይሁን የእንስሳ ያላወቀችው ጥርስ ነበረ። ደጅ ወጥታ አስታወከች። ማታ ስትነግረው ደግ ነገር ያሳየችው ይመስል ፈገግ አለ።

«ታሪክ እኮ ነው፣ አንቺ» አላት።

«ታሪክ ከሆነ ለምን ሁልጊዜ ምላጭ ይሆናል?» አለችው። ገበቴውን በፈላ ውሃ ደጋግማ አጠበችው፤ ሽታው አልለቀቀም። በመጨረሻ ለዶሮዎች መመገቢያ ጣለችውና ከጎረቤት ተውሳ ማቡካት ጀመረች።

ሰነፍ ነው እንዳትል፣ ይታየው በሥራ ቀን እንደ ሰው ሁሉ ያርሳል፣ ያጭዳል፣ ይወቃል። የሚቆፍረው በበዓል ነው። ሚካኤል፣ ማርያም፣ ጊዮርጊስ ሲሆን፣ ቀንበር ተሰቅሎ ሰው ሁሉ ከቅዳሴ መልስ ጥላ ሥር ሲቀመጥ፣ እሱ ማሽኑን ትከሻው ላይ አድርጎ ይወጣል። ሥራ አይደለም፣ ጨዋታ ነው ይላል። ዶማውን የሚሸከምለት ጎረቤቱ ጓዴ ነው። ጓዴ በእርሻ ቀን ወገቤን ብሎ የሚተኛ ሰው ነው፤ ለዚህ ሲሆን ግን ከዶሮ ቀድሞ ይነሳል።

የንስሐ አባታቸው ቄስ ፍሥሐ ነገሩን ሰምተው ቤት ድረስ መጡ። ይታየው መስቀል ተሳልሞ፣ ወንበር አቅርቦ፣ በትሕትና ተከራከራቸው። ልጆች በበዓል ገበጣ ይጫወቱ የለም ወይ አላቸው።

«ገበጣ የሚጫወት ሰው ዶማ ይዞ አይወጣም» አሉት ቄሱ።

«አባ፣ የእርስዎ ገበጣ ጉድጓዱ ተቆፍሮ የቆየ ነው። የኔ ገና ነው» አለና አጠገቡ የተቀመጠውን ጓዴን አሳቀው። ቄሱ አልሳቁም። ጠላቸውን ሳይጨርሱ ተነሱ። ዝናሽ እስከ አጥሩ ስትሸኛቸው፣ ቀና ሳይሉ ቻይው ልጄ አሏት። እሷም እሺ አባ አለች። ምን ትላለች።

እየዋለ ሲያድር አገሬው ተማረረበት። ገብስ ማሳ ዳር ሲቆፍር ባለማሳው ውሻ ለቀቀበት። በሌላ ቦታ የሞተች በቅሎ ዐፅም አውጥቶ ሳይመልሰው ሄደ፤ የመንደሩ ሴቶች አፍንጫቸውን ይዘው ረገሙት። ኦናው ሁሉ አልቆበት ጥቂት ጊዜ ቤት ዋለና ዝናሽ ተገላገልኩ ብላ ነበር። ያኔ ጓዴ ነገር አመጣ። የዓለምዬ አባት በደጉ ዘመን በበቅሎ ጨው ያመላልስ የነበረ ነጋዴ ነው፤ የነጋዴ ብር ደግሞ የትም አይሄድም፣ ከቤቱ አይርቅም አለው። ሌላም ጨመረ። ለማኅበር ጠላ ጌሾ ልቁረጥልሽ ብሎ ጓሮ ገብቶ ሳለ ዝናሽ እጁን ይዛ ከዚያች አንዲት ጌሾ ላይ መልሳዋለች፤ ፊቷም ልክ አልነበረም አለው።

የጥር አስተርእዮ ማርያም ዕለት ዝናሽ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ጩኸቱን ከአጥር ውጭ ሰማችው። ከጓሮ ነው የሚመጣው። ነጠላዋን ሳታወልቅ በቤቱ ጎን ዞረች። ይታየው ሰሐኑን በጎመኑ መደብ ላይ እያንሸራተተ ወደ ጌሾዎቹ ይጠጋል፤ ጓዴ ዶማውን ይዞ ከኋላው አለ። ሰሐኑ የመጀመሪያዋን ጌሾ አለፈ፣ ዝም አለ። ሁለተኛዋንም አለፈ። የእናቷ ጌሾ ዘንድ ሲደርስ ጮኸ። እየደጋገመ፣ ሳያቋርጥ ጮኸ።

«እዚያ አትቆፍር» አለች።

«ለምን?»

«አትቆፍር አልኩህ።»

ይታየው ጓዴን አየው፤ ጓዴም ይታየውን። ዝናሽ ምን እንዳደረገች ወዲያው ገባት። እነዚህ ሰዎች አትቆፍሩ ከምትል ሴት እግር ሥር ብር እንጂ ሌላ ነገር ይኖራል ብለው አያስቡም። እውነቱን ልትናገር አፏን ከፈተች፤ ቃሉ አልመጣላትም። ልጄ የሚለውን ለዚያች ልጅ ተናግራው አታውቅም። በጓዴ ፊት ደግሞ እንዴት። የመጣላት ሌላ ነው፤ ማርያም ናት፣ ዛሬ መሬት አይነካም አለች።

«ጨዋታ ነው አልን እኮ» አለ ጓዴ። «የአያትሽን ብር ብቻሽን ልትበዪ ነው እንዴ?»

ይታየው ዶማውን ተቀበለው። በመጀመሪያው ምት የጌሾዋ ሥር ተቆረጠ፤ ግንዱ ዘምበል አለና ጎመኑ ላይ ተኛ። ዝናሽ ክንዱን ያዘች፤ በክርኑ ገፋ አደረጋት፣ በክፋት ሳይሆን ዝንብ እንደሚያባርር ሰው። አፈሩ ደርቆ ስለነበር እየተፈረከሰ ይወጣል። ትንሽ ቆይቶ ጎንበስ አለ፣ በጣቶቹ ጫረ፣ አንድ ነገር ሳበ።

ቢላዋው ነው። እጀታው በስብሶ አልቋል፤ ስለቱ በዝገት አብጦ የደረቀ ሥጋ መስሏል። ይታየው እፍ አለበት፣ በሱሪው ጠረገው፣ ከዚያ እንደ ልማዱ አፉ ውስጥ አስገባው። ዓይኑን ጨፈነ።

ዝናሽ ቆማ አየችው። ምላሱ በዚያ ብረት ላይ ሲሄድ አየች።

«ተራ ብረት» አለና ወደ ጎን ተፋ። ቢላዋውን ከትከሻው በላይ ወርውሮ መቆፈሩን ቀጠለ። ዶማው ድንጋይ መታ፤ ድምፁ ሰፊ ነበር፣ ከታች ክፍት ያለበት ዓይነት። ጓዴ በጉልበቱ ወድቆ በሁለት እጁ አፈሩን ይጠርግ ጀመር። የገንቦ መክደኛ ነው፣ ጠፍጣፋ ነው፣ አያ ይታየው በዚህ በኩል ያዘው እያለ ያለከልካል። ይታየው ጣቶቹን ከድንጋዩ ጠርዝ ሥር አስገባ።

ዝናሽ ያኔ ጉድጓዱ ውስጥ ወረደችና በሁለት እግሯ ድንጋዩ ላይ ቆመች።

«ልጄ ናት» አለች።

«የማን ልጅ?» አለ ይታየው ከሥሯ ሆኖ።

«የኔ። ክርስትና ሳትነሳ ሞተችብኝ። ቢላዋው የእሷ ነው። የላስከው የእሷን ነው።»

ጓዴ እጁን ከአፈሩ አነሳ፤ አማተበ፤ እጁን ነጠላው ላይ እየጠረገ፣ ደግሞ ነጠላውን እያራገፈ፣ በአጥሩ ቀዳዳ ወጣ። ይታየው ቀስ ብሎ ቀና አለ። በእጁ ጀርባ አፉን ጠረገ። ዝናሽ ጠበቀችው። ብዙ አልነበረም የምትጠብቀው፤ ፊቱን ወደ ሌላ ቢያዞር እንኳ፣ አፉን ቢጉመጠመጥ እንኳ ይበቃት ነበር። እሱ ግን ጓዴ መሄዱን አጣርቶ ጠጋ አላትና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እና… ብር አብረው አላስቀመጡላትም?»

ዝናሽ የታችኛው ከንፈሩ ላይ የቀረችውን አፈር ነው ያየችው። እርጥብ ነበረች።

«ውጣ ከዚህ» አለችው። ወጣ።

አፈሩን በእጇ መለሰችው። ቢላዋውን ከጎመኑ ውስጥ ፈልጋ፣ ምራቁን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ፣ ድንጋዩ ላይ አኖረችው። የጌሾዋን ግንድም መልሳ ተከለችው፤ ሥሩ ተቆርጧልና ይያዝ አይያዝ አታውቅም። ነጠላዋን ከዚያ በኋላ አልለበሰችውም።

ቤቱ የእሷ ነው፤ ባሏን ማስወጣት ትችል ነበር። አላስወጣችውም። ሽማግሌ ሊሰበሰብ ነው፣ ምክንያቱ ሊጠየቅ ነው፣ ልጅቱ በየሰው አፍ ልትዞር ነው፤ ለዚያ ሁሉ አቅም የላትም። መሬቱም አራሽ ይፈልጋል። ይታየው ለጥቂት ቀናት አንገቱን ደፍቶ ከረመ። የሚቀጥለው የማርያም ቀን ሲደርስ ማሽኑን ከጣራው ሥር አወረደ። ሲወጣ ግን ወደ ጓሮው መለስ ብሎ ሲያይ ዝናሽ አይታዋለች። ድንጋዩን እያሰበው እንደሆነ ከዓይኑ አወቀች። የነጋዴ ልጅ የሆነች አያት፣ የልጅ ልጇን ያለ ብር ትቀብራለች ብሎ አላመነም።

እሱ እንደራቀ ያጠራቀመውን ሁሉ በቅርጫት ሰበሰበች። እጇን በጨርቅ ጠቅልላ፣ ፊቷን አዙራ። ቀለሁን፣ ቆርቆሮውን፣ ምላጩን፣ የጃንጥላ ሽቦውን፣ ልጓሙን። ከጌሾዋ ጀምራ እስከ አጥሩ፣ ከአጥሩ እስከ በሩ፣ በእንጨት ጫር እያደረገች በየቦታው ቀበረች፣ በእግሯ ረገጠች። ጠገራዋን ብቻ በጣሳዋ ተወቻት። ምራቁ አለባት።

ማታ ይታየው ተመልሶ፣ ደከመኝ ሳይል፣ እንደፈራችው ማሽኑን ይዞ በቀጥታ ጓሮ ገባ፤ ድንጋዩን ከማንሳቱ በፊት ከሥሩ ብር መኖር አለመኖሩን ማሽኑ እንዲነግረው ነው። ገና አንድ እግሩን ሲያስገባ ጮኸ። ወደ ቀኝ ቢል ጮኸ፣ ወደ ግራ ቢል ጮኸ፣ አጥሩ ሥር፣ ጎመኑ ውስጥ፣ ጌሾው መካከል። ትንሽ ጫረና ምላጭ አወጣ። አለፍ ብሎ ጫረ፣ የራሱን ሰርዲን ቆርቆሮ አገኘ። ማሽኑን አጥፍቶ ቀና ሲል ዝናሽ በጓዳው በር ላይ ቆማለች።

«ምን አድርገሽ ነው?» አላት።

«ታሪክህን መለስኩት» አለችውና ገባች።

ማሽኑ ብሩን ከቁርጥራጩ ስለማይለይለት ከዚያ ወዲህ ጓሮ አይሞክርም። በበዓል ሌላ አገር ይሄዳል፤ ጋይንት ድረስ ዘልቋል ይባላል። ማታ ማታ ጠገራዋን ከጣሳ ያወጣና ምላሱ ላይ አስቀምጦ ዓይኑን ይጨፍናል። ዝናሽ ራቱን አቅርባለት ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች፤ የራሷን ደግሞ እሱ ከተኛ በኋላ፣ ለብቻዋ በለየችው ሰሐን ትበላለች።