አጎቴ የጻፋቸው ሁለት የዘር ቆጠራዎች

የበደለኝ የእናቴ ወንድም ነው። የበደለኝም መሬት ላራሹ ከታወጀ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ደሴ ላይ፣ ለነርስነት ትምህርት በተመረጥኩበት ክረምት ነው። ስሙን አልጽፍም። የሚያውቁት ያውቁታል፤ ለማያውቁት ደግሞ እሱን ለማስተዋወቅ አልደክምም።

ትምህርት ቤቱ ከቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ እንዳመጣ አዝዞኝ ነበር። ሊቀመንበሩ ከሌላ አገር የመጣ ሰው ነው። ከመሳቢያው አንድ ወረቀት አውጥቶ በተሰለፈው ሰው ፊት ያነብ ጀመር። የእናቴን አገር ገራዶን መጀመሪያ ካቀናው አባት ተነሥቶ፣ ከሱ እገሌ፣ ከእገሌ እገሌ እያለ ሰባት ትውልድ ወርዶ እናቴ ላይ ደረሰ። ከእናቴ እኔ ላይ።

‹‹እኔ ከአያቴ በላይ አላውቅም›› አለ። ‹‹አንቺ እስከ ሰባት ቤት ተቆጥሮልሻል! የባላባት ዘር ሆነሽ ነው ከጭቁን ልጅ ጋር ቦታ የምትሻሚው?››

‹‹ጓድ ሊቀመንበር፣ እናቴ አንድ ጥማድ መሬት ኖሯት አያውቅም።››

‹‹ወረቀቱ እንደሱ አይልም፣ እመቤቴ።››

ከኋላዬ የተሰለፉት ሳቁ። እነማን እንደሳቁ ዛሬም አስታውሳለሁ። እኔ ግን ዓይኔ የቀረው ጽሕፈቱ ላይ ነበር። አጎቴ ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ እየጻፈ የሚተዳደር ሰው ነው፤ ፊደሎቹን ወደ ግራ አጋድሞ ይጽፋቸዋል። ወረቀቱ የሱ ነበር። ከእናቴ ዘር በታች የራሱንም አስፍሯል፦ የሱ የዘር አባት ለባላባቱ ያረሰ ጭሰኛ ነው ይላል። የባላባቱ ስም የእስላም፣ የጭሰኛው ስም የክርስቲያን ነው።

ያነበብኩት ይህን ብቻ ቢሆን ኖሮ ምናልባት አምነው ነበር። ነገር ግን እናቴ ሣጥን ውስጥ ሌላ ወረቀት ነበረ። ከአብዮቱ በፊት ከአባቷ ርስት ድርሻዋን ብትጠይቅ፣ ወንድሟ ፍርድ ቤት የሰጠባት መልስ ግልባጭ ነው። በዚያ ወረቀት ገራዶን ያቀናው የክርስቲያን ስም ያለው ሰው ነው፤ ዘሩም የሚወርደው ወደ አጎቴ ብቻ ነው። የእስላም ስም ያለው ጭሰኛ ነው። እናቴም ‹‹ከእንጀራ እናቴ ጋር ተይዛ የመጣች፣ የጭሰኛ ልጅ›› ተብላለች። ባላባትነት በሚያበላበት ጊዜ ባላባቱ እሱ፤ ባላባትነት በሚያስጠይቅበት ጊዜ ባላባቷ እናቴ። የጻፈው ያው እጅ ነው።

እውነቱን ማወቅ ፈለግሁ። የገራዶን ዘር የሚቆጥሩ አንድ ሼህ በእርጅናቸው ሐርቡ ወርደው ልጃቸው ዘንድ ይኖሩ ነበር። በኮምቦልቻ በኩል አውቶቡስ ተሳፍሬ ሄድኩ።

‹‹አባባ፣ ገራዶን ያቀናው ከሁለቱ የትኛው ነው?›› ብዬ ሁለቱን ስሞች ጠራሁላቸው።

ሳቃቸው ሳል ሆነባቸው። ‹‹ምን የትኛው አለው? አንድ ሰው እኮ ነው! ሲመጣ ክርስቲያን ነበር። እዚያው አገባና ሰለመ፣ ስሙም ተለወጠ። ግማሹ ልጁ በዚያኛው ይጠራዋል፣ ግማሹ በዚህኛው። ለቅሶና ሠርግ ላይ ግን አብረን ነው የምንቆጥረው።››

‹‹እናቴስ?››

‹‹እናትሽና አጎትሽ ያንድ አባት ልጆች ናቸው። እሱ የክርስቲያኗ፣ እሷ የእስላሟ። ወላሂ፣ አባታቸውን የቀበርኩት በዚህ እጄ ነው። ማነው ሌላ ያለሽ?››

ነገርኳቸው። ‹‹አብሽሪ ልጄ፣ አይዞሽ›› ብቻ አሉኝ።

ሳልናደድ የተመለስኩ አይምሰላችሁ። እውነቱ ምንም አይጠቅመኝም ነበር፤ በእውነቱ ከሄድን እኔም የባላባት ዘር ነኝ፣ እሱም እንደዚያው። የሚያድነኝ የመጀመሪያው ውሸት ብቻ ነው። የፍርድ ቤቱን ግልባጭ ለሊቀመንበሩ ባሳይ የጭሰኛ ልጅ ልጅ እሆናለሁ፤ ደብዳቤውም ይጻፍልኛል።

‹‹እማዬ፣ ለአንድ ቀን ብቻ ስጪኝ። አሳይቼ እመልሰዋለሁ።››

‹‹ምን ብለሽ ነው የምታሳዪው? እናቴ አባት የላትም ብለሽ?››

‹‹ውሸት መሆኑን አንቺም እኔም እናውቃለን።››

‹‹እሱም ያውቅ ነበር›› አለችኝ።

የሣጥኑን ቁልፍ ግን መሬት ላይ አስቀምጣልኝ ወጣች። እንዲያ ባታደርግ ይሻለኝ ነበር። ከፍቼ ወረቀቱን አነበብኩት፣ ቦታው መልሼም ቆለፍኩበት። ደብዳቤው ሳይጻፍ የምዝገባው ቀን አለፈ።

በዚያው ወር አጎቴን መንገድ ላይ አገኘሁት። ባርኔጣውን አንሥቶ ‹‹እንዴት ነሽ የእህቴ ልጅ?›› አለኝ።

‹‹የትኛዋ እህትዎ?››

ግራና ቀኙን አየ። ‹‹ጊዜው እኮ ነው። ልጆች አሉኝ።››

‹‹እህትም ነበረችዎ።››

ከዚያ ወዲያ እስኪሞት አልተነጋገርንም። ለቅሶው ላይ እናቴ ሄዳለች፤ ወንድሜ ብላ አልቅሳለታለች። እኔ አልሄድኩም።

ኮምቦልቻ ወርጄ ልብስ ስሰፋ ኖርኩ። እናቴ ከሞተች በኋላ ቆጠራውን ራሴ ጻፍኩት። ያቀናውን አባት በሁለቱም ስሙ አሰፈርኩ። እናቴንና ወንድሟን ካንድ አባት ሥር ጎን ለጎን ጻፍኳቸው፤ እውነቱ ያ ስለሆነ ነው እንጂ ለሱ ብዬ አይደለም። የአጎቴ ልጆች ሰምተው ግልባጭ ሊጠይቁኝ መጡ። አልሰጠኋቸውም።