የታምሩን ፍሬን የሞሉት ሰው

...ጣሳውን ዘቅዝቀው ሲያንቆረቁሩ፣ እኔ ክዳኑን ይዤ አጠገባቸው ቆሜ፣ "ይሄ የትራክተር ዘይት አይደለም እንዴ?" ልል ስል...

ጋሽ መርዕድ ሞቱ አሉኝ። ዛሬ ጠዋት። ሁለት ሰው ጋ ደወልኩ፤ ሁለቱም ያንኑ ነገሩኝ። እኚያ ሰውዬ ይሞታሉ ብዬ አስቤ አላውቅም። ሳይናገሩ ማለቴ ነው።

የናዝሬት ልጆች፣ ከጠዋት ጀምሮ "የመካኒኮች አባት" እያላችሁ ፎቷቸውን ትለጥፋላችሁ። ለጥፉ። እኔ የማውቀውን እጽፋለሁ።

በደርግ ጊዜ ነው። ታላቅ ወንድሜ ታምሩ አገር ለቆ ከሚሄድ ጣሊያናዊ አንዲት ቀይ የስፖርት መኪና ገዛ። አሮጌ ነበረች፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ። ፍሬኗ ሲላላ ጋሽ መርዕድ ጋራዥ ወሰድናት። ያኔ ፍሬን ዘይት ከከተማው ጠፍቷል።

የሚገባው የዘይት ዓይነት የፍሬን ዘይት መያዣው ክዳን ላይ በጣሊያንኛ ተጽፏል። አሳየኋቸው።

"የጻፈው ሰውዬ አገሩ ገብቷል" አሉኝ፣ ቀና እንኳ ሳይሉ። "ዘይት ዘይት ነው! እናንተ የተማራችሁ ነገር ታበዛላችሁ።"

ታምሩ ሳቀ። "ተው ባክህ፣ ጋሼ ያውቃሉ።"

ተውኩት። ይህንንም እጽፋለሁ፤ ተውኩት።

በሳምንቱ ብቻውን ወደ ሶደሬ ሲወርድ፣ ቁልቁለቱ ላይ ፍሬኑ አልያዘም። ከግራር ዛፍ ጋር ተጋጨ። እዚያው ሞተ።

በኋላ ፍሬኑን ፈትቼ አየሁ። ዘይቱን የሚይዙት የላስቲክ ጎሚኒዎች ውሃ እንደጠጣ ባቄላ አብጠዋል። የትራክተር ዘይት እንደዚያ ያደርጋል። ጋሽ መርዕድ ይህን አያውቁም አትበሉኝ።

በሠልስቱ ድንኳን ውስጥ እናቴ አጠገብ ተቀመጡ። ሰው ሁሉ እየሰማ፣ "ምን ይደረግ እትዬ፣ ልጁ ፍጥነት ይወድ ነበር" አሏት።

አመነች። እስከ ዛሬ ልጇ በፍጥነቱ በገዛ እጁ እንደሞተ ታምናለች፤ ለነፍሱ ትፈራለች። እውነቱን ስነግራት "አንተ ከመካኒኩ ልትበልጥ ነው?" ትለኛለች።

ጋሽ መርዕድ፣ ይሂዱ እንግዲህ። አፈሩ ይቅለልዎት ልል ሞከርኩ፤ እጄ እምቢ አለኝ። ሌላ የሚሉልዎት ሞልተዋል።

ባለፈው ወር ደጃፍዎ ድረስ መጥቼ ለመንኩዎት። "ልከስዎት አይደለም። እናቴ አልጋ ላይ ናት። 'ጥፋቱ የልጅሽ አልነበረም' ይበሏት። ሌላ ምንም አልፈልግም።"

ከንፈርዎ ተንቀሳቀሰ።

"እናትህን ሰላም በልልኝ" አሉና በሩን ዘጉት።