ጓደኛሞቹ የሚራራቁበት ክፍል

መካነ ሰላም መናኸሪያ አጠገብ በነበረው ቪዲዮ ቤት ሥራ የጀመርኩ ዕለት ባለቤቱ ጋሽ መኮንን መጀመሪያ ያስያዙኝ የካሴት ማጫወቻው ዴክ የሚጠረግበትን ጥጥና አልኮል ነው። «የዴኩን ማንበቢያ ሄድ ሳትጠርግ ካሴት ብታስገባ፣ ያን ቀን ተለያየን» አሉኝ። ሌላ ፈተና አልነበረም። በዚያው አጫዋች ሆንኩ።

ቤቱ ሦስት የሥራ መደብ ነበረው። በሩ ላይ ጋሽ መኮንን ራሳቸው ይቆማሉ፣ ዴኩ ጋ እኔ እቀመጣለሁ፣ ከቴሌቪዥኑ ጎን ደግሞ ሁሴን ማይክ ይይዛል። ሁሴን አስተርጓሚ ነው። ፊልሙ በውጭ ቋንቋ ሲያወራ እሱ በአማርኛ ይከተላል፤ ሴት ስታለቅስ ድምፁን ያቀጥናል፣ ሽፍታ ሲመጣ ያጎረንናል። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ አብረን ያደግን ልጆች ነን። ሥራው ውስጥም ያስገባኝ እሱ ነው።

ሰዉ የሚወደው ድብድብ ነበር። እኔና ሁሴን ግን የልጅነት ጓደኝነት ፊልም መጣ ሲባል ደሴ ድረስ ሄደን እናመጣለን። ካሳየናቸው ሁሉ ሁለቱን እስከ ዛሬ አወዳድራለሁ።

በመጀመሪያው፣ ሁለት ልጆች ወንዝ ዳር የተጣለች ጀልባ ይጠግናሉ። የማን ትሁን በሚል ይደባደባሉ፣ ይኮራረፋሉ፣ አንዱ ከተማ ይገባል። ከዚያ ይጨልምና «ከብዙ ዓመታት በኋላ» የሚል ጽሑፍ ይወጣል። ፀጉራቸው ሸብቶ ይገናኛሉ፣ ይተቃቀፋሉ፣ አለቀ። ያሳየነው በገበያ ቀን ስለነበር ከአቀስታ በኩል የመጡ አንድ ሽማግሌ ሲወጡ ሁሴንን ክንዱን ያዙት።

«አንተ ልጅ፣ ያ አገር ሽማግሌ የለውም?»

«ምነው አባቴ?»

«በአንዲት ጀልባ የተጣሉ ልጆች እስኪያረጁ ዝም ይባላሉ? እኛ ብንሆን በማግስቱ አስታርቀናቸው ነበር!»

«አንቱ እዚያ ቢኖሩማ ፊልሙ በግማሽ ሰዓት ያልቅብን ነበር» አላቸው ሁሴን። እየሳቁ ሄዱ።

በሁለተኛው ፊልም ግን ጠብ የለም። ሁለት ሴት ልጆች አንድ መንደር ያድጋሉ፣ አንዷ ለትምህርት ትሄዳለች። ደብዳቤ ይጻጻፋሉ፤ ደብዳቤው እያጠረ ይመጣል። የሄደችው አንድ ጊዜ በመንደሩ በኩል ስታልፍ መኪናው ይቸኩልና ሳትወርድ ትቀራለች። ይህን ሁሉ ቀስ ብሎ ያሳያል። ሰዉ አላስቻለውም፣ ፉጨት ጀመረ። ጋሽ መኮንን በመጋረጃው አንገታቸውን አስገቡ።

«አሳልፈው!»

«ጋሼ፣ የፊልሙ ዋና ነገር እኮ ይኼ ነው።»

«ዋናው ነገር የሚያፏጨው ሰው ነው። አሳልፍ ብያለሁ!»

አሳለፍኩት። ሴቶቹ ስክሪኑ ላይ እየተሯሯጡ አረጁ። ሁሴን የሚተረጉመው ነገር አጥቶ ማይኩን ጭኑ ላይ አስቀመጠ።

ቤቱን ስንዘጋ፣ የሱፍ ቅርፊቱን እየጠረግን ተከራከርን። እኔ ለሁለተኛው ፈረድኩ፤ ሰው የሚራራቀው እንደዚያ ነው አልኩ። ሁሴን አልተቀበለኝም።

«የተጣላ ከሌለ ማን ይታረቃል? ወላሂ እኔና አንተማ ሳንጣላ አንለያይም። እነዚያን ጀልባ ካጣላ፣ እኔና አንተን ለማጣላት አንድ ማይክ ይበቃል!»

ከዚያ ዲሽ መጣ። የውጭ ድራማ በየሰዉ ሳሎን አማርኛ መናገር ጀመረ። መጀመሪያ የተሰናበተው ሁሴን ነው። «ፊልሙ ራሱ አማርኛ ለመደ፣ ምን ላድርግህ ልጄ?» አሉት ጋሽ መኮንን። እውነታቸውን ነው፣ ሲናገሩም ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ቤቱ ተዘጋ። ሁሴን አዲስ አበባ ገብቶ ቀለም መሸጫ ሱቅ ተቀጠረ። ያን የመሰለ ድምፅ ይዞ ቀለም መሸጡ እስካሁን ያንገበግበኛል።

መጀመሪያ በየሳምንቱ፣ ከጁምዓ ሲወጣ ይደውል ነበር፤ ስለ ፊልም እናወራለን። ቆይቶ እሱ ለፋሲካ፣ እኔ ለኢድ መደዋወል ሆነ። ከዚያ ለበዓል የአበባ ሥዕል መላላክ። ክፉ ቃል አልተለዋወጥንም። ሥራ የለን፣ ፊልም የለን፣ የምናወራው ጠፋን።

ባለፈው ክረምት እናቱ አረፉ። ለቅሶ ደረስኩ። «አላህ ይዘንላቸው» ብዬ አቀፍኩት፤ እናቱ ለእኔም እናቴ ነበሩና አብረን አለቀስን። ከጎኑ ከአዲስ አበባ የመጡ የሥራ ባልደረቦቹ ተቀምጠዋል። ማን እንደሆንኩ በዓይናቸው ጠየቁት።

«ድሮ ቪዲዮ ቤት አብረን እንሠራ ነበር» አላቸው።

ሐሰት የለበትም። የሚጨምረው ካለ ብዬ ጠበቅኩ፤ አልጨመረም። እኔም ጨዋታ ልጀምር ብዬ ስለ ልጆቹ ልጠይቀው አሰብኩና ስማቸውን እንደማላውቅ ትዝ አለኝ። ስለ መንገዱ ጠየቅኩት። መንገዱ ጥሩ እንደሆነ ነገረኝ። ከፋኝ፤ ግን ማንን እንደምከስ አላውቅም።

አሁን በየሱቁ ስልክ ላይ ፊልም የምትጭኑ ልጆች ስለዚህ ሥራ ምክር ስትጠይቁኝ የምላችሁ አንድ ነገር ነው። አብሯችሁ የሚሠራ ጓደኛ ካላችሁ፣ ሥራው ሳያልቅ የምትገናኙበት ሌላ ምክንያት አብጁ። እኛ አላበጀንም።